የጆንያው አንድ ኪሎ

«እዚያ አገር» አለኝ ፎርማኑ፣ «ብር ብትዘረጋ ማን ሊያይህ?
ጎመን ሻጯ እንኳ ስልክ ነው የምትልህ፤
ሳትሄድ ከዚሁ፣ ከቡሬ፣ ይስተካከልልህ።»
የምሄደው ለሦስት ወር፣ የዘይት መጭመቂያ ልማር፣
ቻይና፤ አንዲት ከተማ፣ በእውነተኛው ባሕር ዳር።

ባንክ ቤት ሦስት ቀን ተሰለፍሁ፣
ደብዳቤ አመጣሁ፣ «ማኅተሙ ደብዝዟል» ተባልሁ፣ ሌላ አመጣሁ።
ይታይሽ፣ የመስኮት ሁለቷ፣ ካርዱን በፖስታ ሰጠችኝ፤
«ምስጢር ቁጥሩን ለማንም!» አለችኝ፣
«ለአባትህም ቢሆን።» ቀና ሳትል አስፈረመችኝ።

ማታ ደግሞ ስልኬ፣ «ፊትህን አሳየኝ» አለ።
አሳየሁት። «ወደ ቀኝ ዙር» አለ፤ ዞርሁ። «ዓይንህን ጨፍን» አለ፤
ጨፈንሁ። «ብርሃን የለም» አለ።
እውነቱን ነው፤ መብራት ከትናንት ወዲያ እንደ ሄደ አለ።

በነጋታው እህል በረንዳ ወረድሁ፣
ፀሐይ ካለበት፣ ከአባቴ ሚዛን አጠገብ ቆምሁ።
ስልኩ፣ ከጀርባዬ ነጭ ነገር ፈለገብኝ፤
አባቴ ገደፋው፣ የሠላሳ ዓመት መዛኝ፣
ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ገልብጦ ከኋላዬ ወጥሮ ያዘልኝ።
ጤፍ ሻጮቹ ሣቁ፤ አንድ አህያ በመሐል ገብቶ ወጣ፤
ሰው መሆኔ ታመነ፤ ስድስት ቁጥር መጣ።

ዕድሜው ስልሳ ሰከንድ ነው። ከዚያ ይሞታል።
መምጫው ደግሞ በዚህ ሲም ብቻ፤ ሲሙን ይዤው ብሻገር
የጥሪው ሒሳብ ከምግቤ ይበልጣል።
ስለዚህ ሲሙ ይቅር፤ ለእኔ አዲስ ይውጣ፣
አባቴ ቁልፍ ስልክ ይግባ፣ ያንብብልኝ በመጣ።

አባቴ ፊደል አልቆጠረም።
ቁጥር ግን ከእጁ አምልጦ አያውቅም።

እኔ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ እሱ ከሚዛኑ፤ ሞከርነው።
«መጣ! ጻፍ! አርባ ሰባት፣ ሠላሳ አንድ፣ ስልሳ ሁለት ነው።»
ጻፍሁ። «የተሳሳተ ቁጥር።»
«ሃያ ስምንት፣ ዘጠና፣ አሥራ አምስት!»
«የተሳሳተ ቁጥር።»
ሦስተኛው ከሳተ ይቆለፋል። ሮጥሁ፣
ስልኩን ከእጁ ነጥቄ በዓይኔ አየሁ፤
መጨረሻው አሥራ ስድስት።
የፊተኛውም ስልሳ ሦስት።
«አባ፣ በሁለቱም አንድ ጎድሏል!»
«አዎ» አለ፣ ምንም ሳይደነግጥ፣
«የጆንያውን ቀንሼ ነው።»

«ይሄ እኮ ጆንያ የለውም፣ አባ።»
ዝም አለ። የሚዛኑን ብረት በመዳፉ አበሰ።
«ሠላሳ ዓመት ለባዳ ንጹሑን ስናገር ኖሬ፣
ለልጄ ሲሆን ነው ከነጆንያው የማወራ?»
መልስ አልነበረኝም።
ይታይሽን አሰብኋት። ምስጢሩን ለአባቴ አልነገርሁትም፤
ምስጢሩ የሚገባው በእሱ በር ነው፣
የምለምነውም እኔው ነኝ።

ሰኞ ገና ሳይነጋ፣ መናኸሪያ።
ስልኩን ከጋቢው ጫፍ ቋጥሮታል፣ ብር ይቋጥርበት ከነበረው፣
ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ።
«ስልሳ ሰከንድ ስንት ነው?» አለኝ።
«አንድ ኩንታል አውርደህ ሌላ እስክትሰቅል።»
ፈታ፤ ቋጠረ፤ ደግሞ ፈታ፤ እኔ በልቤ ስቆጥር።
«ይበቃል» አለ።
ረዳቱ በሩን ደበደበ። ሳንሳሳም ቀረን።

ደምበጫ ሳንደርስ ስልኬ ጮኸ።
«መጣ! ጻፍ!» ትንፋሹ ይቆራረጣል፣
«ሃያ አምስት። መቶ። ሃያ አራት። ደግሞ በታች ሰባት።»
የቴሌ ማስታወቂያ ነው፤ ጥቅል ግዙ የሚል፣
ስንት ብር፣ ስንት ደቂቃ፣ ለስንት ሰዓት።
እስክርቢቶ ተበድሬ ከመዳፌ ላይ ጻፍሁት፣
አንድም ሳላስቀር።
«ደረሰኝ፣ አባ።»
«እንግዲህ» አለኝ፣ «ምንም አልቀነስሁም።»